ቮልስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንሱ

የጅማ ሰዎች፣ በተለይ የቡና ብር እጃችሁ ገብቶ ሰሞኑን ቮልስ የምታፈላልጉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ። ደግነቱ ሙሉውን አልበሉኝም፤ 30 ሺህ ብርና የአንድ ወር እንቅልፍ ነው የሄደብኝ።

የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ መቼም ለእናንተ አልነግርም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ አይገባም ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የቀረችውን ተስፋ ጨረሳት። ቪትዝ እንኳን ሚሊዮኑን ዘሎ ሄዷል። እና አገር ውስጥ ያለ፣ ታርጋ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ወርቅ ሆነ። ጓሮ ቆሞ ዶሮ ያድርበት የነበረው ቮልስ ዛሬ «ክላሲክ» ነው የሚባለው። ስሙ ሲቀየር ዋጋውም ይቀየራል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደላላ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ አንድ ሰማያዊ ቮልስ ተገኝታልሃለች። የ66 ሞዴል፣ አንድ እጅ ናት። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመስጊድና ከመርካቶ በቀር የትም ሄዳ አታውቅም።» አጂፕ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳያት፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ተሰረቀ። ቀለሟ ፊት ያሳያል። ፓራኡልቷ ያብረቀርቃል። ወንበሯ በቀይ ቆዳ አዲስ ተለብጧል። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ያ የቮልስ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ልጅ እያለን የሒሳብ አስተማሪያችን ቮልስ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ኳሳችንን ደብቀን ወደ ክፍል እንሮጥ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ የነበረው ያ ልጅ እንጂ የገንዘቡ ባለቤት አልነበረም።

ቢሆንም ትንሽ አእምሮ ቀርታኝ ነበርና «አባቴ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ልየው» አልኳቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከወንበሩ ሥር ነው። ትናንት ነው ያሰፋሁት፣ ክሩ እንዳይፈታብኝ። ሊብሬው ላይ አለልህ አይደል?» አሉኝ። ለሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ተውኩት።

በሉ እንግዲህ፣ የቮልስ የኋላ መቀመጫ ከምንም ጋር አልተሰፋም። በሁለት እጅ ከፍ ሲደረግ ይነሳል። ክሩም አይፈታም፣ ቆዳውም አይቀደድም። «አይነሳም» የሚላችሁ ሰው ካለ እዚያው ላይ ሰላም ብላችሁት ውጡ።

እኔ ግን አልወጣሁም። ደላላው «ከአጋሮ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ነው፣ ሊደርስ ነው» እያለ ይቆጥርብኛል። በ520 ሺህ ተስማማን፣ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደን 100 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ። ውሉ ላይ «ገዢ መኪናዋን አይቼ ወድጄ» ይላል። ይችን ሐረግ አስታውሷት፣ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ መኪናዋን ለሙከራ ብዬ ወሰድኩና ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ አንድ መካኒክ ዘንድ አደረስኳት። የሞተሩን ክዳን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ ወንበር ገቡ። መቀመጫውን አንስተው ለእኔ አቀበሉኝ። ሥሩ አንድ የቡና ጆንያ ተነጥፏል። ጆንያውን ሲገፉት የባትሪ አሲድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው እዚያው ነው፣ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል። ጋሼ ካቻቢቴ አንስተው ከባትሪው አጠገብ ወለሉን ጫን አደረጉት። እንደ ዳቦ ነው የገባው። ከሥር ገብተው ሲያዩ ወለሉ ብረት አይደለም። የእርዳታ ዘይት ጣሳ ተቀዶ፣ ተዘርግቶ፣ በሪቬት ተመትቷል። ከላይ በጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል፣ ከሥር ግን መቀባቱን ረስተውታል መሰለኝ «ዩ ኤስ ኤ» የሚለው ፊደል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጋሼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ከተማ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከመጋቢት ከጀመረ መስከረምን ይሻገራል። ውሃው በበሩ ጎማና በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል፣ ምንጣፍ ሥር ይተኛል፣ ወለሉን ከውስጥ ይበላዋል። የባትሪው አሲድ ሲጨመርበት አስቡት። ስለዚህ ደረቅ አገር የኖረች ቮልስና ቆጪ ጭቃ ላይ የኖረች ቮልስ ዓመታቸው አንድ ቢሆን እንኳን አንድ መኪና አይደሉም። ስቱኮና ቀለም ላዩን ያሳምራሉ፤ ወለሉን ግን ማንም አያየውም ብለው ይተውታል።

ከዚያ ጋሼ ጨርቅ ቤንዚን ነክረው፣ በመኪናዋ መሐል ርዝመቱን የሚሄደውን ጉብታ ከመቀመጫው ሥር ጠረጉ። የሻንሲ ቁጥሩ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (በፈረንጅ) የተለመደችው ቮልስ ቁጥር በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው ቁጥር የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ይነግራችኋል። 116 ካለ የ1966 ነው፣ 117 ካለ የ1967። የእኔ ሊብሬ 116 ብሎ ይጀምራል። ጉብታው ላይ ያለው 119። ይባስ ብሎ መጨረሻው ላይ ሁለት ቁጥሮች በብየዳ ተሞልተው እንደገና ተመትተዋል፣ ከሌሎቹ ከፍ ብለው ተጣመዋል።

እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በቡሎን ነው። ቡሎኑ ሲፈታ ቦዲው ተነስቶ ሌላ ወለል ላይ ይቀመጣል። ቀላል ነው፤ ለጥገና ጥሩ፣ ለሌባም ጥሩ። የእኔዋ ቦዲዋ ከአንዷ፣ ወለሏ ከሌላዋ የመጣ፣ ሊብሬው ደግሞ ምናልባት ከሦስተኛዋ ነው። ስም ላዛውር ብዬ ብሄድ መርማሪው ቁጥሩን አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ እዚያው ትታሰር ነበር። እኔም «ከማን ገዛህ?» እየተባልኩ።

ወረቀቱም ያው ነው። ሊብሬው በሽማግሌው ስም አልነበረም። በአጎታቸው ስም ነው፣ እሳቸው የያዙት ውክልና ብቻ ነው። «አጎቴ ነፍሳቸውን ይማረውና» ሲሉ እኔ አብሬ አዘንኩ እንጂ አላሰብኩም። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መሸጥ የሚችሉት በፍርድ ቤት የተረጋገጡ ወራሾች ናቸው። አሮጌ መኪና ላይ ይሄ ጉዳይ በጣም ይበዛል፤ መኪናው 50 ዓመት አልፎታል፣ የመጀመሪያው ባለቤት የት አለ?

ገንዘቤን ስጠይቅ ያችን ሐረግ መዘዟት፣ «አይተህ ወደህ ነው የፈረምከው»። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ደግሞ ቀብድ የከፈለ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል ይላል። አንድ የማውቀው ጠበቃ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ካለ «አይቼ ወድጄ» አያድነውም፣ መክሰስ ትችላለህ አለኝ። ግን መቼ ያልቃል? በአገር ሽማግሌ ገባን። ሻጩ ሁለት ቀን ሙሉ «የለኝም» ሲሉ ነበር፤ «እንግዲያው የተመታውን ቁጥር ይዘን ፖሊስ ጋ እንሂድ» ስንል ለዘቡ። 70 ሺህ ተመለሰልኝ። ደላላው ኮሚሽኑን እንደበላ ስልኩን ዘጋ።

ስለዚህ ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነባችሁ ትንሽ ክፈሉ፣ ውሉ ላይም «የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለ ወይም ስም ማዛወር ካልተቻለ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ለገዢ ይመለሳል» ብላችሁ አስጽፉ። ራፖር ጸሐፊው «አያስፈልግም» ቢል እንኳን። እዳና እገዳ እንዳለባትም አስቀድማችሁ አስጣሩ።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፣ ሞተሯ ከወለሏ ይሻላል፣ ይሠራል። ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋውን የሚያዞረውን የታችኛውን ትልቅ ፑሊ በእጃችሁ ያዙና ወደ ውጭ ሳቡት፣ ወደ ውስጥ ግፉት። በስሜት የማይታወቅ ያህል ብቻ ነው መንቀሳቀስ ያለበት፤ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ። «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍበት ብሮንዝ አልቋል፣ ሞተር መውረዱ አይቀርም። በሩንም ፈትኑ፦ መኪናዋን በክሪክ ከጎን ከፍ አድርጉና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። ከታች የጎን ብረቷ ከበሰበሰ ወገቧ ይጎብጣል፣ በሩ ይነክሳል።

ቺንጋውን ደግሞ አደራ። ቮልስ ውሃ የላትም፣ በአየር ነው የምትበርደው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ነው የሚዞረው። ጓደኛዬ ከጊቤ ወደ ላይ ሲወጣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። «ባትሪው ነው» ብሎ ነዳ። ወልቂጤ የደረሰው በጭነት መኪና ተጎትቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኸርማታ መርካቶ በኩል ሳልፍ አንድ ቮልስ ቆማ አየሁ። ቢጫ ሆናለች። «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት መስታወቷ ላይ ተለጥፏል፣ ሁለት ወጣቶች ዙሪያዋን ይዞራሉ፣ አንደኛው ፎቶ ይነሳል። ወንበሯ ያው ቀይ ነው። ጠጋ ብዬ «የኋላውን ወንበር አንሱት» አልኳቸው፤ ሻጩ ከሱቁ ውስጥ «አይነካም፣ አዲስ ተሰፍቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። እስካሁን ካልተሸጠች፣ ከሥር በቀኝ በኩል ጎንበስ ብላችሁ «ዩ ኤስ ኤ» የሚል ካነበባችሁ እሷ ናት።