በእጅ የምትዞር የወተት ክሬም መለያ ማሽን ለአልጌ፦ ስድስት ወር ከሠራሁባት በኋላ

ሰላም ወገን፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) አንጥፌ አልጌ አረባለሁ፣ ያው ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ስንለው የነበረው አረንጓዴ ነገር፣ ሐሳቤ ከዘይቱ ባዮዲዝል፣ ማለትም ለናፍጣ ሞተር የሚሆን ነዳጅ፣ መሥራት ነው። ማሳደጉ ብዙም አያስቸግርም ፀሐዩ አለ፣ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ውሃውን ማስወጣት ነው፣ እና ለዚህ ብዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስለገዛኋት በእጅ የምትዞር የወተት ክሬም መለያ ነው የምጽፍላችሁ። ዋጋ አልጠቅስም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ጎበዝ ማሽን ናት። ግን ከገንዳ እየቀዳችሁ ቀጥታ እንዳታፈሱባት! ገንዳ ውስጥ ያለው አልጌ ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ ብዙ ይመስላል እንጂ በሊትር ግማሽ ግራም ቢበዛ አንድ ግራም ነው፣ ስለዚህ ከ200 ሊትር በርሜል የሚወጣው ደረቅ ነገር 100 ግራም ምናምን ነው። የኔዋ በሰዓት 80 ሊትር ነው የምታሳልፈው፣ ለአንድ በርሜል ሁለት ሰዓት ተኩል ማዞር ማለት ነው፣ የመጀመሪያ ቀን እንደዛ አድርጌ በማግስቱ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

አሁን የማደርገው መጀመሪያ ማዝቀጥ ነው። አክስቴ ከባቲ የሽፈራው ፍሬ ትልክልኛለች፣ ልጬ እወቅጠውና በትንሽ ውሃ በጥብጬ አጥልዬ በርሜሉ ላይ ጨምሬ ቀስ እያልኩ አማስላለሁ። የአልጌው ቅንጣቶች ሁሉም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ ለዛ ነው ተንሳፍፈው የሚቀሩት፣ የሽፈራው ፕሮቲን ደግሞ ፖዘቲቭ ስለሆነ ያያይዛቸዋል። ጠዋት ስነሳ ላዩ ጠልሎ ታቹ እንደ ጠላ አተላ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ ወላሂ ሁሌም ደስ ይለኛል ሳየው። የጠለለውን በጎማ ስቤ ወደ ገንዳው እመልሰዋለሁ፣ ከ200 ሊትር 10 ሊትር ብቻ ይቀረኛል። ኖራም ይሠራል፣ ግን ውሃውን መልሶ ለመጠቀም ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ማስተካከል ይጠይቃል፣ አልጌውም ላይ የማይቃጠል አመድ ይጨምራል።

አቡጀዴ ላይ ለምን አታጠልለውም ለምትሉ፣ የኔው ክሎሬላ የሚባለው ደቃቅ የአልጌ ዓይነት ነው፣ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ስለሆነ ጨርቁን ሰተት ብሎ ያልፋል። ስፒሩሊና የሚባለው ዓይነት ቢሆን እንደ ክር ረዘም ስለሚል ጨርቅ ይይዘዋል፣ ቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ግን ዘይቱ ትንሽ ስለሆነ ለነዳጅ አልመረጥኩትም።

ያችን 10 ሊትር ነው እንግዲህ ማሽኗ ላይ የማፈሰው። እጀታውን ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ድምጿ እኩል እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዛ ቧንቧውን ክፈቱ። በሁለቱም አፍ ጥርት ያለ ውሃ ይወጣል፣ አልጌው ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስትከፍቷት እነዛ ቆብ የሚመስሉ ሳህኖች ዙሪያ እንደ ዳጣ የወፈረ፣ ማንኪያ የሚያቆም አረንጓዴ ነገር ታገኛላችሁ፣ ሽታው የሐይቅ ዳር ሽታ ነው። ችግሯ ሆዷ ትንሽ ነው፣ ለወተት ነው የተሠራችው፣ ስትሞላ አትነግራችሁም አረንጓዴ ውሃ መልሳ ትተፋለች። ለአንድ በርሜል ሦስቴ እከፍታታለሁ፣ አጥቦ መግጠሙ ብቻ በየጊዜው 20 ደቂቃ ይበላል።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ካላችሁ፣ ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ አልጌ ሲቃጠል 20 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል፣ አንድ ኪሎ ውሃ ማትነን ደግሞ 2.5 ሜጋጁል አካባቢ ይፈጃል። አተላው አንድ ፐርሰንት ብቻ ነው ደረቁ፣ ያንን እሳት ላይ ብትጥዱት ለአንድ ኪሎ አልጌ 99 ኪሎ ውሃ ታተናላችሁ፣ ወደ 250 ሜጋጁል፣ ከምታገኙት ከአስር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከማሽኗ የሚወጣው ግን ደረቁ 20 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ የሚቀረው አራት ኪሎ ውሃ ነው፣ እሱን ፀሐይ ትጨርስልኛለች። ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርጌ አሰጣለሁ፣ በዛው ቀን ካልተሰጣ ይበሰብሳል። አንድ ልጅ ደሴ ደጋ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይፈላል ብሎኝ ነበር፣ አዎ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ግን ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት ያው ነው ማለት ይቻላል። እርጥቡን ሳያደርቁ መቀጠልም አይቻልም፣ ባዮዲዝል የሚሠራው ዘይቱን ከሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) እና ከካስቲክ ሶዳ ጋር በማገናኘት ነው፣ ዘይቱ ውሃ ካለበት ሳሙና ነው የሚሆንባችሁ።

ቅር ያለኝ የሱቁ ነገር ነው። ስገዛ መለዋወጫ አለ ብሎኝ ነበር፣ በሁለተኛው ወር ሳህኑን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ተቆርጦ ውሃ ማፍሰስ ጀመረች፣ ስሄድ የለም አለኝ፣ ሁለቴ ተመላልሼ ሁለቴም የለም፣ ያ ሁሉ አልጌ በርሜል ውስጥ ሸተተብኝ።

በርሜል ሁለት በርሜል ለምታወጡ፣ መብራት ለሚጠፋባችሁ፣ ለኮሌጅ ፕሮጀክት ለምትሠሩ ግዟት፣ ከልቤ ነው። ከዛ በላይ ከሆነ ግን ሳትከፍቱት አተላውን በራሱ የሚያስወጣ ሴንትሪፊዩጅ (እያሽከረከረ የሚለይ ትልቅ ማሽን) ነው የሚያስፈልጋችሁ። ቀለበቱን በኋላ ኮምቦልቻ የውሃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አገኘሁት፣ የተቆረጠውን ይዛችሁ ሂዱና እዛው ለክታችሁ ግዙ፣ ሁለት አድርጋችሁ።