ድሬዳዋ ላይ የሚሸጡ መቁጠሪያዎች፦ የትኛው ይገዛ?

በድሬዳዋ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ከጧፍና ከዕጣን ጎን የሚሸጠው መቁጠሪያ፣ ማለትም ጸሎት የሚቆጠርበት በክር የተሰካ ፍሬ፣ በብዛት የእንጨት፣ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ መንገድ ዳር ምርጫው ይበዛል፤ በዚያ ግፊያ ግን አገላብጦ ማየት ያስቸግራል። ቀደም ብሎ ከተማው ውስጥ ተረጋግቶ መግዛት ይሻላል።

ለዕለት ጸሎት የሚመረጠው ባለ 41 ፍሬ የእንጨት ነው፤ ክሩ የተገመደ ናይለን ይሁን። ፕላስቲኩ ልሙጥ ስለሆነ ከጣት ያመልጣል፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሦስት ያልፋሉ። እንጨቱ ጣትን ያዝ ያደርጋል፤ ትዕግሥት የሚለመደውም በዚሁ ነው። ለአንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ማረን) አንድ ፍሬ፣ አንድ ትንፋሽ። ለእያንዳንዱ ስድስት ሰከንድ ቢሰጠው 41ዱ አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአንድ ደቂቃ ካለቀ ተቆጠረ እንጂ አልተጸለየም፤ በማቴዎስ 6፥7 «በከንቱ አትድገሙ» የተባለውም ይህን ዓይነቱን ነው። ቢሮ ወረፋ ሲጠበቅ ወይም ንዴት ሲመጣ፣ መልስ ከመስጠት በፊት አንድ ዙር ማድረስ ጥሩ ልምምድ ነው።

ባለ 64ቱ እመቤታችን በምድር የኖረችበትን 64 ዓመት ያስባል። ለኪስ ይረዝማል፣ ይጠላለፋልም፤ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል።

የድሬ ሙቀት መቁጠሪያ ይፈትናል። ላስቲክ ክር በላብና በፀሐይ ቶሎ ይላላል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ርካሽ ቀለም የተቀባ እንጨት ደግሞ ነጠላ ያበላሻል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት እርጥብ ነጭ ሶፍት ፍሬው ላይ ማሸት ነው፤ ቀለም ከለቀቀ ይቅር። የቀዳዳው ጠርዝ ሻካራ ከሆነ ክሩን ይበላዋል፣ የብርጭቆው ዋና ችግርም ይኸው ነው። ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ማየት፣ ፍሬውንም መቁጠር ይገባል፤ 40 ወይም 42 ሆኖ የሚገኝ አይጠፋም።

ትልቅ የሚያብረቀርቅ መስቀል ያለው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለጸሎቱ የሚጨምረው ነገር ግን የለም። እጅ ላይ ጠምጥሞ ከማሳየት ኪስ ውስጥ ይዞ በጣት መቁጠር ለትሕትና ይቀርባል። በስግደት ለሚጠቀሙበትም መጠኑን የሚወስነው የነፍስ አባት ነው፤ በራስ ፈቃድ በትልቅ ቁጥር ጀምሮ በሳምንቱ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። በእሑድ፣ በበዓለ ሃምሳና በተቆረበበት ቀን አይሰገድም።

ባጃጅ መስታወት ላይ «ይጠብቀኛል» ተብሎ የሚሰቀለው ነገር ግን አይመችም። መቁጠሪያ ክታብ አይደለም። ሥራው መቁጠር ነው፤ ጠባቂው እግዚአብሔር ነው። የታመመ ሰው ወይም የጠፋ ነገር ሲያስጨንቅ አሳቡን አንድ ጊዜ ለእርሱ ተናግሮ ከዚያ ምሕረቱን ብቻ እየለመኑ መቁጠር እንጂ በየፍሬው መፍትሔ ማዘዝ አይደለም።

ክሩ ከተበጠሰ ፍሬዎቹ አይጣሉ። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት በሰም የታሸ ናይለን ክር ተመራጭ ነው፤ እጥፍ አድርጎ መሰካት፣ ሁለት ጊዜ መቋጠር፣ ጫፉን በክብሪት ለኮስ አድርጎ ማቅለጥ። በየፍሬው መካከል ትንሽ ክፍተት ይተው፤ ጥብቅ ብሎ ከተሰካ ጣት አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል።