ፖስትግሬስ ራሱን ሲፈትን

ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሶርስ ኮዱ የሚገነባ ሰው «ሜክ ቼክ» ብሎ ያዛል፤ አብሮት የሚመጣው ፈተና ጊዜያዊ ሰርቨር አስነስቶ፣ ጥያቄዎቹን አስኪዶ፣ የወጣውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያመሳክራል። እኔ የደመወዝ ሲስተም ላይ ስለምሠራ በቀጥታ የምሄደው ወደ ዳታ ታይፖቹ (የመረጃ ዓይነቶቹ) ፈተና ነው።

ልቤን የገዛው የኢንት4 (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) የፈተና ፋይል ነው። 2.5ን ከፍሎት8 (አስርዮሽን በግምት ከሚይዘው ዓይነት) ወደ ኢንቲጀር፣ ማለትም ወደ ሙሉ ቁጥር ስትቀይረው 2 ይሰጥሃል፤ ያንኑ 2.5 ከኑሜሪክ (አስርዮሽን በትክክል ከሚይዘው) ስትቀይረው ግን 3። ስህተት እንዳይመስልህ! ፍሎቱ ልክ መሐል ላይ ሲወድቅ ወደ ተጋማሹ ቁጥር ይጠጋል፤ ኑሜሪክ ደግሞ ከዜሮ ወደሚርቀው። ሁለቱም መልሶች ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ነገ አንዱ ቢዛነፍ ፈተናው ይጮኻል። ገንዘብ በፍሎት የሚያስቀምጥ ፕሮግራመር ሁሉ ይህን ፋይል ቁጭ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል። (አሉ እኮ፣ ዛሬም!)

የቡሊያኑም (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘው ዓይነት) ፈተና አይሰለችም። «ኦፍ» ስትል ሁለተኛዋን ኤፍ ብትረሳት እንኳ ሐሰት ብሎ ይቀበልሃል፤ «ኦ» ብቻ ካልክ ግን «ኦን» ትሁን «ኦፍ» ስለማይለይ ይመልስሃል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ንጽጽሩ የጽሑፍ ለጽሑፍ ነው። ቀድሞ በተነሳ ሰርቨር ላይ ስታስኬደው የቋንቋ ቅንብሩ ከተለየ፣ የፊደል ተራ ስለተዛወረ ብቻ «ወድቋል» ሊልህ ይችላል። የልዩነት ፋይሉን ከፍተህ በዓይንህ ማየት ግድ ነው፤ ጀማሪን ያስደነግጣል።

ደግሞ የራስህን ቴብል አይፈትንልህም። እኔ ዘዴውን ወስጄ የደመወዝ ስሌታችንን ጥያቄ በአንድ ፎልደር፣ የሚጠበቀውን መልስ በሌላ አስቀምጫለሁ፤ ቨርዥን ከመቀየሬ በፊት አስኬደዋለሁ።