በአዌቱ መንገድ ያለችው የእቴቴ ምግብ ቤት

ከጅማ መርካቶ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የጾም ምግብ ቤት አለች። በበሯ ላይ የተጻፈ ስም የላትም፤ የሰፈሩ ሰው ግን በባለቤቷ መጠሪያ «እቴቴ ቤት» ይላታል። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ስለማይሠራባት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የዕርዱ ነገር ሳያሳስበው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይመገባል፤ ይህም እንደ ጅማ ባለ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ተጋቢኖው በሸክላው እየተንተከተከ ይቀርባል፤ የበያይነቱ ስልጆም ሰናፍጩ በደንብ ይሰማል። እንጀራው አንዳንድ ቀን ከልክ በላይ ይኮመጥጣል፤ ዘይት ከተወደደ ወዲህም የሽሮው ቁሌት እንደ ቀድሞው አይደለም።

ስለዚች ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከምግቡ ይልቅ የሰው አያያዟ ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሁላችንም ትጉሃን ነበርን፤ በየደጁ ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጦ ነበር፣ ወጣቶች መንገደኛውን እጅ ያስታጥቡ ነበር፣ የዚያን ዓመት ትንሣኤም ከቤተ ክርስቲያን ርቀን በየቤታችን አሳልፈናል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ግን ክትባቱ መሰጠት ከጀመረ ሁለት ወር ቢያልፈውም የሰዉ ትዕግሥት ተሟጦ ነበር። ጀሪካኑ ደርቆ፣ ማስኩ ወደ አገጭ ወርዶ፣ አድርግ የሚለውም አላደርግም የሚለውም ለጠብ የቀረበ ሆኖ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት አንድ የባጃጅ ሾፌር ያለ ማስክ ሊገባ ሲል በር ላይ የቆመው ልጅ ከለከለው። ሾፌሩም ከጠዋት ጀምሮ ትራፊኩም፣ ተሳፋሪውም፣ ነዳጅ ማደያውም ሲያንገላቱት እንደ ዋለ በሚያሳውቅ ድምፅ ጮኸ፤ ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ ተመለከተው። እቴቴ ከማድ ቤት ወጡና «ልጄ፣ ደክሞሃል። እጅህን ታጠብና ና» አሉት። ከበሩ አጠገብ ካለችው ቅርጫት የታጠበና የተተኮሰ የጨርቅ ማስክ አንሥተው ሰጡት፤ የማስኩን ዋጋ አልጠየቁትም፣ በሰው ፊትም አልገሠጹትም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እቴቴ ደንቡን አላላሉትም፤ ሾፌሩ ማስኩን ሳያደርግ አልገባም። ያቀለሉት የሰውየውን ኀፍረት ነው። በወረርሽኙ ዘመን ጥንቃቄንና ርኅራኄን እንደ ሁለት ጠላቶች ስናይ ለከረምን ክርስቲያኖች ይህ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ እኔን ግን አስተምሮኛል ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

ምክንያቱም ከሳምንት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። በቤተሰቤ ውስጥ በበሽታው የተያዘ ሰው ነበረና ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ፣ ቡና ዘገየብኝ ብዬ አስተናጋጇን ክፉ ቃል ተናገርኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ቡናውን ይዘው የመጡት እቴቴ ራሳቸው ነበሩ፤ ሲኒውን አስቀምጠው «በሽተኛው እንዴት አደረ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ስድቤ አንድ ቃል አላነሡም። በማግስቱ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ጋሼ፣ እኛም እኮ ሰልችቶናል» አለችኝና የቡና ቁርሱን ቆሎ አቀረበችልኝ። እቴቴን ይህን ሁሉ ሰው እንዴት እንደሚችሉት ስጠይቃቸው የመለሱልኝ አጭር ነበር፦ «እኔንስ እግዚአብሔር ስንቴ ታገሠኝ?»

በዚያ ዓመት ረመዳን ሚያዝያ 5 ቀን ገብቶ ከዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ጋር ተገናኝቶ ነበር። ቤቷ በእነዚያ ቀናት ከ9 ሰዓት በኋላ ቅዳሴ አስቀድሰው ለሚመጡት ምግብ ታቀርብ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤቶች ማፍጠሪያ ተምርና ሾርባ ይዘጋጅ ነበር። ይህ ሠራተኞቹን በእጅጉ እንዳደከማቸው ፊታቸው ይናገር ነበር፤ በዚያ ሰሞን እቴቴ ራሳቸው ሳህን ሲያጥቡ አይቻለሁ።

ጉድለቷንም ልናገር። በዚያ ጊዜ ጠረጴዛዎቹ ከአሥር ወደ ስድስት ስለተቀነሱ ምሳ ሰዓት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር። ለአየር ሲባል መስኮቶቹ ስለማይዘጉ የጅማ ዝናብ ሲወርድ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ይረጥብ ነበር። የእጅ መታጠቢያው በርሜል ከሰዓት በኋላ ውኃ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር፤ ይህ በተለይ መታረም የነበረበት ነው። በአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ ስለቀረ ምግቡ ለየብቻ በሳህን ይመጣ ነበር፤ ይህን እንደ ጉድለት ባልቆጥረውም ጉርሻው ይናፍቀኝ ነበር። የጀበና ቡናው ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ሲኒዎቹ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋሉ፣ ጤና አዳሙ ለጠየቀ ይሰጣል፣ ለመቆየት ጊዜ ያለው ሰውም ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል።

ለቸኮለ ሰው ከ6 ሰዓት በፊት መሄድ ይሻለዋል። በዚያ ጊዜ ማስክ የረሳም ከመንገድ አይመለስም ነበር፤ ቅርጫቷ ሲገቡ በስተ ቀኝ ነበረች።