ኒፖን ኮኔክሽን፦ ፍራንክፈርት ላይ የጃፓን ፊልም ሲታይ ትኬቱን የት ማዋል ይሻላል?

ፍራንክፈርት ላይ በየዓመቱ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ የሚካሄደው ኒፖን ኮኔክሽን፣ ከጃፓን ውጭ ለጃፓን ፊልም ብቻ ከሚዘጋጁ ፌስቲቫሎች በትልቅነቱ ከፊት የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን ዛሬም አብዛኛውን ሥራ የሚሸከሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከማክሰኞ እስከ እሑድ ባሉት ስድስት ቀናት መቶ ገደማ አጫጭርና ረጃጅም ፊልሞች ይታያሉ። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ከአዳራሽ አዳራሽ ቢሮጡ እንኳ ሲሶውን ማዳረስ ከባድ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመግዛት በፊት የሚተወውን መለየት ይቀድማል።

የሚተወው ተመልሶ የሚመጣው ነው። የታዋቂዎቹ ዳይሬክተሮች የኮሬኤዳና የሃማጉቺ ወይም የአኒሜሽን ሠሪው የጂብሊ ስቱዲዮ አዲስ ሥራ ጀርመን ውስጥ ገዢ አያጣም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በመደበኛ ሲኒማ ቤቶች መታየቱ አይቀርም። ቶሎ ተሽጦ የሚያልቀውም የእነዚህ ትኬት ነው። ለማጣራት የፊልሙን ገጽ እስከ ታች አንብቡ፤ የጀርመን አከፋፋይ ድርጅት ስም ወይም የጀርመንኛ ርዕስ ካለው ትንሽ መታገሥ ይቻላል። ከጃፓን ሻጭ ድርጅት ወይም ከዳይሬክተሩ ስም በቀር ሌላ ከሌለ ግን ዛሬውኑ ግዙ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የፌስቲቫሉ ልብ «ኒፖን ቪዥንስ» የተባለው ክፍል ነው። የጀማሪዎችና በራሳቸው ገንዘብ የሚሠሩ ዳይሬክተሮች ፊልሞች የሚታዩት እዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ጃፓን ውስጥም የሚታየው «ሚኒ ቲያትር» በሚባሉት ትናንሽ ሲኒማ ቤቶች ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበበው የእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍም ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ለፌስቲቫል ተብሎ ስለሆነ፣ እሑድ ማታ ካለፈ በኋላ ያንኑ ፊልም ልንረዳው በምንችለው ቋንቋ ማግኘት ብርቅ ነው። ሁሉም ይጥማል ማለት አይደለም። ፍጥነታቸው የሚያዘግም፣ ድምፃቸው በደንብ ያልተሠራ ይኖርባቸዋል። ሆኖም የዛሬዋን ጃፓን በቅርበት የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው፤ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች የማይመች ርዕስ የሚነሣውም እዚህ ነው። ዘጋቢ ፊልሞችም «ኒፖን ዶክስ» በሚል የራሳቸው ክፍል አላቸው።

ጀርመን ውስጥ ትኬት ሲገዛ ከርዕሱ አጠገብ የሚጻፉትን ምሕፃረ ቃላት ማወቅ ግድ ነው። «ኦኤምኡ» (OmU) ካለ ንግግሩ በጃፓንኛ፣ ጽሑፉ በጀርመንኛ ነው። «ኦኤምኤኡ» (OmeU) ካለ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። «ዴኤፍ» (DF) ካለ ንግግሩ ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተቀይሯል። የፌስቲቫሉ ፊልሞች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያላቸው ናቸው፤ ምክንያቱም የጃፓን አዘጋጆች ለውጭ አገር የሚልኩት ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛው ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ለሚኖሩ፣ ጀርመንኛው ገና ላልጠና ኢትዮጵያውያን ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በመደበኛው ሲኒማ ከሚያጋጥማቸው ይልቅ እዚህ ብዙ ይገባቸዋል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያዘገየው ሰው ግን ንግግር ከሚበዛበት ዘጋቢ ፊልም ባይጀምር ይሻላል። ሁለት መስመር ጽሑፍ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያልፋል፤ ጽሑፉን ስንከተል የተናጋሪው ፊት ያመልጠናል።

ልጅ ይዞ የሚሄድ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በጀርመን የወጣቶች ጥበቃ ሕግ መሠረት የዕድሜ ደረጃ ያልተሰጠው ፊልም ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይታይም። ብዙዎቹ የፌስቲቫል ፊልሞች ለምርመራ ስለማይቀርቡ፣ ምንም ነውር የሌለበት የቤተሰብ ታሪክ እንኳ ለ16 ዓመት ልጅ በሩ ላይ ሊከለከል ይችላል። ለልጆች የተለየ «ኒፖን ኪድስ» የሚባል ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ዕድሜውንና በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀርብ አይታችሁ ግዙ።

ዋነኞቹ ቦታዎች ሙዞንቱርምና ናክሶስሃለ ናቸው፤ ሁለቱም ቫልድሽሚትሽትራሰ ላይ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተራርቀው ይገኛሉ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ኡ4 (U4) የተባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ኤንክሃይም አቅጣጫ ይዞ አራተኛው ፌርማታ ሜሪያንፕላትስ ላይ መውረድ ነው። ሙዞንቱርም ድሮ የሳሙናና የሽቶ ፋብሪካ ነበር፤ ናክሶስሃለም የፋብሪካ አዳራሽ ነበር። ዛሬ ሁለቱም የቲያትር ቤት እንጂ ለሲኒማ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ የሲኒማ ቤት ወንበርና ድምፅ የለመደ ሰው ልዩነቱ ይታወቀዋል። ጽሑፉ ከሥዕሉ ግርጌ ስለሚያልፍ ከፊት የተቀመጠ ረጅም ሰው መስመሩን ሊሸፍነው ይችላል። ትኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር ከሌለ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መድረስና ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከመተላለፊያው ዳር መቀመጥ ጥሩ ነው።

ድሮ የተሠሩት ፊልሞች፣ ማለትም «ኒፖን ሬትሮ»፣ የሚታዩት ከማይን ወንዝ ማዶ በፊልም ሙዚየሙ ሲኒማ ነው። ይህ እውነተኛ ሲኒማ ቤት ነው፤ ስለ ሥዕልና ስለ ድምፅ የሚጨነቅ ሰው ከፌስቲቫሉ ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚህ ቢከትም አይቆጨውም። የ35 ሚሊሜትር ቅጂ ሲታይ የሚያስቸግረው ጽሑፉ ነው። በድሮ ቅጂዎች ላይ ፊደሉ ፊልሙ ላይ የታተመ፣ ነጭና ጠርዝ የሌለው ነው። በረዶ ወይም ነጭ ሸሚዝ ከሥሩ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩ ግማሹ ይጠፋል። ታሪኩን አጠር አድርጎ አስቀድሞ አንብቦ መግባት ይህን ያቃልለዋል። ቅጂው ጽሑፍ ከሌለው ደግሞ ከሸራው ሥር ለብቻው ይለቀቃል። እሱን መስመር በመስመር የሚለቅቀው ሰው ከሆነ አንዳንዴ ከንግግሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይስተካከላል።

ከሙዞንቱርም ወደ ሙዚየሙ ሲኬድ ኡ4ን እስከ ቪሊ ብራንት ፕላትስ ይዞ ከዚያ በኡንተርማይን ድልድይ በእግር መሻገር ይቻላል። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ቢያንስ ሃምሳ ደቂቃ ተዉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፊልሙን ርዝመት ብቻ ቆጥሮ ነው። ዳይሬክተሩ በአካል ከተገኘ ከፊልሙ በኋላ ጥያቄና መልስ አለ፤ ንግግሩ በአስተርጓሚ ሁለት ጊዜ ስለሚባል ግማሽ ሰዓት በቀላሉ ይሄዳል። ከቪዥንስ ክፍል ፊልም በኋላ ያለውን ጥያቄና መልስ ጥሎ መውጣት ግን ያሳዝናል። በስንት ሰው፣ በስንት ቀን፣ በምን ብልሃት እንደተቀረጸ ዳይሬክተሩ ራሱ ሲያስረዳ የሚሰማበት ቦታ ብዙ የለም።

ጃፓን ውስጥ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ከሸራው አጠገብ ቆሞ የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ንግግር በቃሉ የሚያሰማ «ቤንሺ» የሚባል ተራኪ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ቤንሺ ካያችሁ ሌላ ነገር ሳታመዛዝኑ ያንን ያዙ።

ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ከመክፈቻው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። የሆቴል ነገር ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ከ2022 እስከ 2025 ፌስቲቫሉ የዋለው ሐሙሱ የሕዝብ በዓል በሆነበት ሳምንት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሳምንት ዓርብን ጨምሮ የሚያርፈው ሰው ስለሚበዛ ባቡሩም ማደሪያውም ይጣበባል። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው ሁለት ሌሊት ብቻ ካለው ከዓርብ እስከ እሑድ ያለውን ይምረጥ።

በቀሩት ወራት የጃፓን ፊልም ያማረው፣ ኮሎኝ የሚገኘውን የጃፓን የባህል ተቋም ፕሮግራም ይከታተል። ድሮ የተሠሩ ፊልሞችን በራሱ አዳራሽ በነፃ ያሳያል። አንዳንዱ ፊልም ግን ጽሑፉ በጀርመንኛ ነውና ከመነሣታችሁ በፊት ምሕፃረ ቃሉን አንድ ጊዜ ተመልከቱ።