ኮንሶሎቹን በጆሮዬ ስገመግማቸው

ስለ ግራፊክስ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ዛሬ ኮንሶሎችን፣ ማለትም ከቲቪ ጋር የሚገናኙትን የጌም ማጫወቻ ሳጥኖች፣ የምገመግመው በጆሮዬ ነው። የምጫወተው ሌሊት ነው፤ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ የቲቪውን ድምፅ ቀንሼ። እንደኔ ላለ ሰው ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው ፋን ጩኸት ተራ ነገር አይደለም። ጌሙ ውስጥ አንዱ ሰውዬ በሹክሹክታ ምስጢር ሊናገር አፉን ሲከፍት ከቲቪው ሥር ያለው ሳጥን እንደ ወፍጮ ማጓራት ከጀመረ፣ ታሪኩ እዚያው አበቃ። ድምፅ ልጨምር ብል የተኛው ይነቃል። ልቀንስ ብል የሚሰማኝ ፋኑ ብቻ ነው።

የቀድሞው ኮንሶሌ እንዲህ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ስለሆነ። ሲገዛ ድምፁ አይሰማም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማጉረምረም ጀመረ፣ በሦስተኛው ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን ሆነ። የሚገርመው ደግሞ የሚብስበት ውጊያ ላይ አልነበረም። ካርታ ስከፍት ነበር። ምንም የማይንቀሳቀስ ካርታ! ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጨዋታው ላይ ጌሙ በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል እንዲያወጣ ገደብ ይደረግለታል። ካርታው ወይም ሜኑው ላይ ያ ገደብ ከተረሳ ግን ቺፑ ያንኑ ቀላል ምስል በሰከንድ የቻለውን ያህል ጊዜ እየደጋገመ ይሥላል፣ ማንም ላያየው። ስለዚህ ጌሙን አቁማችሁ ስልክ ልታነሱ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሳጥኑ እየጮኸ ካገኛችሁት፣ ጥፋተኛው ፋኑ ሳይሆን ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ፋን በራሱ ክፉ አይደለም። ታዛዥ ነው። ኮንሶሉ ከግድግዳው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ የዛሬዎቹ ትላልቆቹ ከባድ ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ይስባሉ። በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ 200 ዋት ማሞቂያ አስቀምጣችሁ በላዩ ጌም እንደመጫወት በሉት። ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ በስሱ የፔስት (ሙቀት የሚያሳልፍ ቅባት) ሽፋን አልፎ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ማለትም ወደ ሂት ሲንኩ፣ ከዚያ አየር ጠርጎ ያወጣዋል። ከመንገዱ አንዱ ቦታ ከተዘጋ ፋኑ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፣ መፍጠን። መፍጠን ደግሞ ውድ ነው። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጩኸቱ በግምት 15 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ለጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ራሱ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ እየዞረ የሚያወጣውን አየር ትንሹ ፋን የሚያወጣው እየበረረ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ቀጭን ኮንሶል አይቶ «እንዴት ያምራል!» ሲል እኔ ጆሮዬን ነው የምይዘው። ለዝምታ የሚከፈለው ዋጋ ቦታ ነው። ግዙፍነትን ይቅር እላለሁ፣ ጩኸትን ግን አልችልም።

ድሮ ይሄ ጉዳይ አልነበረም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፋን የለውም፣ ኔንቴንዶ 64ም የለውም፤ ሙቀታቸው በብረትና በቀዳዳ ብቻ ይወጣ ነበር። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የመጣው የሴጋ ድሪምካስት ግን ፋን ነበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ጭራሽ ፈሳሽ የያዘ የሙቀት ቧንቧ ገብቶበታል። ሆኖም ድሪምካስትን የነካ ሰው የሚያስታውሰው ፋኑን ሳይሆን ዲስኩ ሲነበብ የሚያሰማውን መንጫጫት ነው።

ጣጣው የፈላው በኤክስቦክስ 360 ነው። በ2005 መጨረሻ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ ከዚያ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንደሚባለው፣ ማሽኑ መበላሸቱን የሚናገረው ቀይ መብራት መጣ። የግራፊክስ ቺፑ ሂት ሲንክ ዝቅ ያለና ትንሽ ነበር፣ ምክንያቱም በላዩ ላይ የዲቪዲ ማጫወቻው ተጭኗል። ቺፑ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይግላል። ይሄ መስፋትና መኮማተር ሲደጋገም ቺፑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ብየዳዎች ይሰነጠቃሉ። ማይክሮሶፍት በ2007 ለዚህ ችግር ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለጥገና መደበ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀይ መብራቱ ነው፤ እኔ ደግሞ የዲቪዲ ማጫወቻው ጩኸትም አይረሳኝም። የኃይል ማስተላለፊያው ሳጥን እንኳ የራሱ ፋን ነበረው። ማለትም ወለሉ ላይ ሌላ ጩኸት።

ከዚያ ቅጣት የተማረው ማይክሮሶፍት ነው። በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያወጣ ሳጥኑ ግዙፍ ነበር፣ ውስጡ ትልቅ ፋን፣ የኃይል ሳጥኑ ደግሞ ውጪ። ሰው «ይሄ የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ነው» ብሎ ሳቀበት። ይሳቁ። ዝም የሚል ማሽን ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ቀጭንና ሸንቃጣ ነው፣ የኃይል ክፍሉንም ሆዱ ውስጥ ይዟል፣ እና ያው ከቺፑ ሂት ሲንክ ሞቆ የሚወጣው አየር የኃይል ክፍሉንም አቀዝቅዞ ነው የሚወጣው። በ2016 የመጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ሲጨመርበት የፕሌይስቴሽን 4 ጩኸት የኢንተርኔት ቀልድ ሆነ። ፍትሕ እንዳላጓድል፣ በ2018 የወጣው ሦስተኛው የፕሮ ሞዴል፣ ቁጥሩ በ72 የሚጀምረው፣ ከቀደሙት ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛ እጅ የምትፈልጉ ሰዎች ጀርባውን ገልብጣችሁ ቁጥሩን እዩ።

ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ በ2017 ከዚያ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ለእኔ ትንሽ ተአምር ነበር። ትንሽ ሳጥን፣ ብዙ ጉልበት፣ ትንሽ ድምፅ። ምስጢሩ ቬፐር ቻምበር የሚባለው ነው፤ ጠፍጣፋ፣ የታሸገ የመዳብ ሳጥን፣ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ያለበት። ቺፑ ጋ ያለው ፈሳሽ ሙቀቱን ወስዶ ይተንና ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ ሄዶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቺፑ። ምንም የሚዞር ነገር የለውም፣ አይጮኽም፣ ሙቀቱን ግን በብረቱ ሁሉ ላይ ያዳርሰዋል። ከቦታ ቀጥሎ የማደንቀው ነገር ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናዎቹ። ሁለቱም የወጡት በኅዳር 2020፣ በቀናት ልዩነት ነው።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ቁም ሳጥን ነው። 15 በ15፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር። ቅርፁ ሁሉ የተሠራው ለአየር ነው። እናት ሰሌዳው (ቺፖቹ የተሰኩበት ሰሌዳ) ለሁለት ተከፍሎ በመሃል ባለ ብረት ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጧል፣ አየሩ ከሥርና ከኋላ ይገባል፣ አናቱ ላይ ያለ 130 ሚሊሜትር ፋን ወደ ላይ ይስበዋል። ሙቅ አየር በራሱ ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል፣ ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው ፋኑ ነው እንጂ ያ ፍላጎት አይደለም፣ ሰዎች ይሄን ያጋንኑታል። ውጤቱ? እጃችሁን አናቱ ላይ ስታደርጉ ሞቅ ያለ ነፋስ ይሰማችኋል፣ ጆሯችሁን ስታስጠጉ ግን ሹ የሚል ነገር ብቻ። የሚያናድደኝ ቡፌ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ማስተኛት ይቻላል፣ ግን አየር የሚወጣበት አናቱ የቡፌው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፕሌይስቴሽን 5 ከእሱም ይበልጣል፣ የመጀመሪያው ሞዴል 39 ሴንቲሜትር፣ 4.5 ኪሎ ነበር። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ከፕሮ የተማረው እዚህ ላይ ይታያል። ፋኑ 120 ሚሊሜትር ስፋት፣ 45 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ አየርም ከሁለቱም ጎን ይስባል። ቺፑና ብረቱ መካከል ተራ ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው ያለው። ሶኒ ራሱ ማሽኑን በቪዲዮ ሲፈታታ ለዚህ ዝግጅት ከ2 ዓመት በላይ እንደፈጀበት ተናግሯል፤ ፈሳሽ ብረት ሙቀት በደንብ ያሳልፋል፣ ግን ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፣ ካመለጠ ሰሌዳውን ያቃጥላል። ስለዚህ ልንገራችሁ፣ ይሄን ማሽን እስከ ቺፑ ድረስ በገዛ ካቻቢቴያችሁ አትፍቱ።

ከብረቱ ይልቅ ግን እኔን የገረመኝ ሐሳቡ ነው። የማሽኑ ንድፍ መሪ ማርክ ሰርኒ በመጋቢት 2020 ባቀረበው ማብራሪያ እንዳለው፣ ቀድሞ ቺፑ በቋሚ ፍጥነት ይሄዳል፣ ጌሙ ስንት ዋት እንደሚበላ ግን መገመት ነው። ግምቱ ዝቅ ካለ ማሽኑ ይጮኻል። በፕሌይስቴሽን 5 ነገሩን ገለበጡት። የኃይሉ ጣሪያ ተወሰነ፣ ፍጥነቱ ደግሞ እንደ ሥራው ክብደት ከፍና ዝቅ ይላል። የማቀዝቀዣው መሐንዲስ የሚዋጋውን ጠላት ልክ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ያ የካርታዬ ጩኸት ትዝ አለኝ።

እንከን የለውም እንዳትሉኝ። ፋኑ ከአንድ በላይ አቅራቢ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይጮኻል፣ የትኛው እንደሚደርሳችሁ ሳትከፍቱ አታውቁም። አንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። እሱ ፋን አይደለም፤ ኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች በሚለዋወጠው ኤሌክትሪክ ሲንቀጠቀጡ ነው። አቧራ ብትጠርጉለትም አይጠፋም። በ2021 ሶኒ ሂት ሲንኩን አሳንሶ ማሽኑን በ300 ግራም ያህል ሲያቀልለው ደግሞ ሰው ጮኸ። ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ።

የኔንቴንዶ ስዊች ነገር ሌላ ነው፤ የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ያቺ ትንሽዬ ፋን ትበቃዋለች። በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ከቲቪ ጋር የሚያገናኘው መቀመጫው ላይ ሳይቀር ፋን ተጨምሮለታል። የሲሪስ ኤክስ ታናሽ ወንድም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እዚህ ይመደባል፣ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ይበላል፣ ዝም ይላል። አለቀ።

ወደ አሮጌው ኮንሶሌ ልመለስ፣ የናንተም ቤት አንድ እንዲህ ዓይነት ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ «ወንድሜ፣ ጠርጌዋለሁ፣ ፔስቱንም ቀይሬዋለሁ» አለኝ። ለአንድ ሳምንት ዝም አለ፣ ከዚያ ወደ ጩኸቱ። በመጨረሻ ራሴ ፈታሁት። ፔስቱ እንደ ጠመኔ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ማንም የነካው አይመስልም። የሂት ሲንኩ ቀጫጭን ብረቶች መግቢያ ላይ ደግሞ አቧራው ተጠቅጥቆ ብርድ ልብስ ሆኗል፣ በጣት ሲነሳ አንድ ላይ ተልጦ ነው የመጣው። ፋኑ ያን ሁሉ ጊዜ ሲታገል የነበረው ከዚያ ጋር ነበር። ጠርጌ፣ የድሮውን ፔስት በአልኮል አጽድቼ፣ አዲስ ቀባሁ። በዚያው ሌሊት ካርታውን ከፈትኩ። ከፍ አለ፣ ግን አላገሳም።

ልትሞክሩ ከሆነ ከሶኬት ንቀሉት፣ አየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በነፋሱ ከሚገባው በላይ ከዞረ ይጎዳል። መክፈት ካልፈለጋችሁም ከተዘጋ ቡፌ አውጡት፤ እዚያ ውስጥ የተፋውን ሙቅ አየር ራሱ መልሶ ነው የሚስበው። ከኋላ ተለጣፊ የሚባሉትን ተጨማሪ ፋኖች ግን አትግዙ። ገዝቼ አይቻለሁ። አንድ ጩኸት የነበረው ሁለት ሆነ፣ አየር መውጫውንም ግማሹን ሸፈነው።

ዛሬ ምረጥ ብትሉኝ ለጆሮ ሲሪስ ኤክስን አስቀድማለሁ፣ በጠባብ ልዩነት። ፕሌይስቴሽን 5 ያላችሁ ደግሞ የጎን ሽፋኑን አንሱና ሁለት ቀዳዳዎች ፈልጉ። አቧራ እንዲጠራቀምባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ በቫኪዩም ይሳባሉ፣ ካቻቢቴ አያስፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እና የማውቃቸው ባለቤቶች አብዛኞቹ መኖራቸውን እንኳ አያውቁም።