ኪቦርዳችሁ ሲጣበቅ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ነገሩ የጀመረው በማኪያቶ ነው። ስኳር የበዛበት ማኪያቶ። ክርኔ ስኒውን ገፋውና ጥቂቱ ኪቦርዴ ላይ ፈሰሰ። በሶፍት ጠራርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ የ«ኢ» ቁልፍ ስጫነው ይገባል፣ ስለቀው ግን እንደ ጠዋት እንቅልፋም ዘግይቶ ነው የሚነሳው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መዘዙ ይገባዋል። በፎነቲክ ስንጽፍ ፊደሉን ግእዝ የሚያደርግልን ይሄው ቁልፍ ነው። እሱ ከዘለለ «ሰላም» «ስላም» ይሆናል። ለአንድ ደንበኛዬ «ንግ ይድርሳል» ብዬ ልኬ፣ ሰውየው ደውሎ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ኪቦርዱ ሜካኒካል ነው፤ ማለትም ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ መጫኛ (ስዊች) ያለው። እህቴ ናት ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልኝ። መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገልበጥ፣ ነካ ነካ አደረገውና «ወንድሜ፣ ቦርዱ ተነክቷል። ስዊቾቹም አርጅተዋል። ሙሉ ሰርቪስ ይፈልጋል» አለኝ። 2,200 ብር። ገና 2 ዓመቱ ነው ብለው «ያው የቻይና ዕቃ» አለኝና ተስማማሁ። እንግዲህ መበላት እንዲህ ነው የሚጀምረው።

«አርጅቷል» የምትለዋን ቃል ቤቴ ገብቼ ነው ያሰላኋት። ብዙዎቹ አምራቾች አንድ ስዊች 50 ሚሊዮን ጊዜ ቢጫኑት ይችላል ይላሉ። «ኢ»ን በቀን 10,000 ጊዜ ብመታው እንኳ ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነው። በ2 ዓመት የሚያረጅ ስዊች ካለ፣ ያረጀው በማኪያቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስረከበው ያብረቀርቃል፤ ሽታው ግን የጋራዥ ነው። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፉትን ስፕሬይ ነፍቶበታል። አራት ቀን እንደ አዲስ ሠራ። በአምስተኛው «ኢ» ወደ ጥንቱ ተመለሰ፤ ጎረቤቶቹን «ደብሊው»ንና «አር»ንም ይዞ። ስኳር በዘይት አይሟሟም። ዘይቱ ለጊዜው ያንሸራትታል እንጂ ስኳሩ እዚያው ነው። ቆይቶ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፤ ያኔ ጭቃ በሉት።

የባሰው በጆሮዬ ነው የመጣው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ስጽፍ ከሁሉም ቁልፎች መሃል ስፔሱ ብቻ ቃ፣ ቃ ይላል። የኔ ኪቦርድ አይጮህም ነበር። ካፑን፣ ማለትም ጣት የሚያርፍበትን የቁልፉን ክዳን፣ ነቀልኩት። ከሥሩ ያለችው የመስቀል ቅርጽ ያላት እንብርት ሰማያዊ ናት። አጠገቧ ያሉት በሙሉ ቡናማ ናቸው። ለማያውቅ፦ ቡናማው ስትጫኑት እንቅፋት ቢጤ ይሰማችኋል እንጂ አይጮህም፤ ሰማያዊው ይጮሃል፤ ቀዩ ደግሞ ያለ እንቅፋት ልስልስ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቡናማዬ ወጥቶ ሰማያዊ ገብቷል፤ ደረሰኝም፣ «ቀይሬዋለሁ» የሚል ቃልም የለም። ሄጄ ስጠይቀው «ሁሉም ያው ነው» አለኝ። የድሮውን ስጠኝ ስለው «ተጥሏል»። ስፔሱ እኮ ምንም አልሆነም ነበር! እሱን ለምን እንደነካው እስካሁን አይገባኝም። ወይም ይገባኛል።

እና እናንተ እንዳትሸወዱ። ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ ቁልፍ ሲጣበቅ መጀመሪያ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉና የዚያን ቁልፍ ካፕ ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ የቀረችውን እንብርት በጣታችሁ ጫን ለቀቅ አድርጉ። ያለ ካፑ ደህና ከተነሳች ችግሩ ስዊቹ ውስጥ አይደለም፤ ካፑ ጎረቤቱን እየታከከ ነው፣ ወይም ሥሩ ቆሻሻ አለ። እንደ ስፔስ፣ ኢንተርና ሺፍት ያሉት ረጃጅሞቹ ደግሞ ከሥራቸው ሚዛን የሚጠብቅ ሽቦ አላቸው። እሱ ከቦታው ከወጣ ቁልፉ በአንድ ጎኑ ይያዛል። ለዚህ ብር አይከፈልም።

እንብርቷ ራሷ ከዘገየች ስዊቹ ቆሽሿል። ብዙ አዳዲስ ኪቦርዶች ላይ ስዊቹ ያለ ብየዳ ተነቅሎ ይገባል። በሁለቱ ጎኖቹ ያሉትን ጆሮዎች ጨምቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጣፋጭ ነገር ፈስሶበት ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየተጫናችሁ እጠቡት፣ አራግፉት፣ አንድ ሁለት ቀን አድርቁት፤ እርጥብ ከቀረ ውስጡ ያለችው ሞላ ትዝጋለች። ስትመልሱት ከታች ያሉት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ቀጥ ማለታቸውን እዩ። አንዷ ከታጠፈች ቁልፉ ጭራሽ አይጽፍም፤ ያኔ ነው «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚባለው።

የተበየደ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ጥቂት ጠብታ በእንብርቷ ዙሪያ ጣል አድርጋችሁ መቶ ጊዜ ያህል ተጫኑት። እዚህ ላይ 70ው ይመረጣል፤ ስኳሩን የሚያሟሟው ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ገልብጣችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ሳይደርቅ እንዳትሰኩት። ቲነር የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

የግድ ጥገና ቤት የሚሄድ ካለም ጥቂት ካፖች ነቅሎ የስዊቾቹን ቀለም ፎቶ ያንሳ፤ ፎቶውንም ሰሪው እያየ ያንሳው። የሚቀየር ካለ አሮጌው እንዲመለስ አስቀድሞ ይነገር። እኔ ያን ፎቶ ስላልነበረኝ የልጁን ፊት ብቻ አይቼ ወጣሁ።

«ኢ»ን፣ «ደብሊው»ንና «አር»ን በውሃ አጥቤ መልሻቸዋለሁ፤ ይህን የጻፍኩት በእነሱ ነው። ስፔሱ ግን አሁንም በየቃሉ መሃል ቃ ይላል።